የዝምታው በርሜል

ማርቲ በአማቷ በታረቀ ቤት፣ እንግዳ ፊት አንድ ነገር እንዳትናገር ተከልክላለች። የፋሲካ ሰሞን አንድ የሰፈር ሽማግሌ ሊጠይቅ መጥቶ ወሬ ሲጀምር፣ እሷ ለደግ ብላ፣ «ትንሽ ጮክ ይበሉላቸው፤ አባባ አይሰሙም» አለች። ታረቀ ከዚያ ቀን ወሬ ሁሉ ያችን ብቻ አጥርቶ ሰማ። እንግዳው ከወጣ በኋላ፣ «በቤቴ ስለ ጆሮዬ የሚያወራ ሰው አልፈልግም» አለና ሳምንት ሙሉ ከእጇ እህል አልቀመሰም፤ ዳቦ እየገዛ በሚሠራበት ወፍጮ ቤት ይበላ ነበር። ባሏ ጌቱ፣ የታረቀ ልጅ፣ ደምበጫ የጭነት መኪና ይነዳል። ቅዳሜ ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ፣ ለማብረድ ብሎ፣ በሩን ደግፎ የሚይዘውን ድንጋይ አነሳና ጫንቃዋ ላይ አኖረው፤ አባቱ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ እንድትጠይቅ አደረጋት። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በሉኝ ማለት የአገሩ ወግ ነው፤ ጌቱ ግማሹን ለቀልድ አድርጎት ነበር። ማርቲ አልሳቀችም። ታረቀም «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለ፤ ድንጋዩ ወደ በሩ ተመለሰ። እውነት በመናገሯ ይቅርታ እንደ ጠየቀች ሦስቱም ያውቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያነሳ የለም።

ዛሬ እሑድ ነው፤ የገና ጾም ተጋምሷል። ታረቀ ከቅዳሴ እንደ ተመለሰ ጋቢውን ሳያወልቅ ወደ ጓሮ ዞረ። ከቤቱ ጥግ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አለ። ድመት እንዳይገባበት አፉ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኗል። ውስጡ ከጨሞጋ ወንዝ የተያዙ ዓሦች አሉ። ልጁ ሃኒ ከክረምት በፊት ስታመጣቸው ጣት ያክሉ ነበር፤ አሁን ከመዳፍ ያልፋሉ። ታረቀ ወንፊቱን ገልጦ ከወፍጮ ቤት ያመጣውን ብጣሪ በተነላቸው። ውሃቸውን የሚቀይረው እሱ ነው። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት አፉ በተከፈተ ጀሪካን አንድ ቀን አድሮ ነው የሚፈስላቸው፤ ሃኒ እንዲህ አድርግ ስላለችው አንድ ቀን አላጓደለም። ዓሦቹ እጁን ለምደዋል። ብጣሪው ውሃውን ሳይነካ እነሱ ከላይ ናቸው። ድምፅ የለም። ወይም ካለ እሱ አይሰማውም።

ሃኒ ትንሿ ልጁ ናት፤ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ጥናቷ የዓሣ ጆሮ ነው። ታረቀ ዓሣ ጆሮ እንዳለው ያወቀው ከእሷ ነው። ዓሦቹን ያመጣች ለታ ከበሩ ፊት ቁጭ ብላ፣ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ ቀስ እያለች አስረዳችው። ጆሮ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ሕዋሶች አሉ፤ አናታቸው ላይ ጠጉር የመሰለ ነገር አላቸው፤ ድምፅ ሲመጣ ጠጉሩ ይነቀነቃል። በሰው ጆሮ ደግሞ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ድምፅ በመጣ ቁጥር ይሰበሰባል፣ ይዘረጋል፣ ሕዋሱን እየሳበ ያስረዝመዋል ያሳጥረዋል፤ ደካማውን ድምፅ የሚያጎላው እሱ ነው። የዚያ ፕሮቲን ዘመድ ዓሣ ጆሮ ውስጥም ይገኛል። እዚያ ምን እንደሚሠራ ግን፣ ይሳብ አይሳብ፣ በደንብ አልተጣራም። ይህን ስትናገር ጡጫዋን እየዘጋች እየከፈተች ነበር።

«ችንጋው ነዋ» አላት ታረቀ። «ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው።»

«ችንጋው አይደለም አባዬ፤ ራሱ ሞተሩ ነው። ስሙም ሞተር ፕሮቲን ነው።»

«በናፍጣ?»

«በኤሌክትሪክ። በጣም በትንሽ ኤሌክትሪክ።»

«ታዲያ መብራት ሲጠፋ ምን ሊውጠው ነው?»

ሃኒ እስክታለቅስ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት እንዲያ ተስቆ አያውቅም። ሳቋ ሲያልፍ አንድ ነገር ጨመረች፤ የዓሣ ሕዋስ ቢሞት መልሶ ይበቅላል፣ የሰው ግን ከሞተ አይበቅልም። ይህን ብላ እጇን ቀሚሷ ላይ ሰበሰበች። ለምን ጆሮን እንደ መረጠች አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም።

በርሜሎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወፍጮ ቤት፣ ከሞተሩ ጀርባ፣ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፤ ሃኒ የጩኸቱ ትለዋለች። ይሄኛው የዝምታው ነው። ዓሦቹ ከአንድ ወንዝ በአንድ ቀን የተያዙ፣ አንድ ዓይነት ብጣሪ የበሉ ናቸው፤ የሚለያዩት በጩኸት ብቻ ነው። ጩኸት ውስጥ የከረመው ጆሮ ያን ፕሮቲን ያበዛ እንደሆን ወይም ያጣው እንደሆን የሚታወቀው ሁለቱ ሲተያዩ ነው፤ አንዱ ብቻውን ምንም አይናገርም። ነገ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው በሚልከው መኪና ሁለቱንም ልትወስዳቸው ነው። ማክሰኞ የጆሮው ሕዋስ የሚመረመርበት ማሽን ተራ ደርሷታል፤ ያን ተራ ከሐምሌ ጀምራ ነው የጠበቀችው። ዓሣው እስከ ማሽኑ በሕይወት መድረስ አለበት። ትናንት ማታ ይህን ሁሉ የነገረችው በስልክ ለማርቲ ነው። ማርቲ ስልኩን ለታረቀ ስታቀብለው «እሺ፣ እሺ፣ በርቺ» ብሎ መለሰላት። በስልክ የሚናገረው ሁልጊዜ ይህንኑ ነው።

ዛሬ ደግሞ እንግዳ አለ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አገኘሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ እላለሁ ብሎ ልኳል። አገኘሁ ሰው ቤት ያለ ነገር አይሄድም። ታረቀ ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱ የወፍጮ ድንጋዮች በጣም ሲቀራረቡና ሲነካኩ የወፍጮው ጩኸት ይለወጣል፤ ታረቀ በጉልምስናው ያን ለውጥ ውጭ ቆሞ ከሰው ጋር እያወራ ይይዘው ነበር። አሁን የሚያውቀው መዳፉን የወፍጮው እንጨት ላይ አሳርፎ ነው፤ ወይም የዱቄቱን ሽታ አሽትቶ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ሁለቱም እጁ በጆንያ ማሰር ተይዞ ሳለ ድንጋዩ ድንጋዩን በላው። ከይጁቤ መንገድ የመጣች ሴትዮ ዱቄቷ ሲያር አይታ ጮኸች። የአገኘሁ የወንድም ልጅ ድረስ ዘሎ ሞተሩን አጠፋው። እስከዚያ ድረስ ሥራው ጆንያ ማውረድ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆንያውን ትቶ ታረቀ አጠገብ መቆም ጀመረ። ታረቀ ድንጋዩን ብቻውን ገልብጦ ሲወቅር ዋለ፤ በማግስቱ ሥራው ቀጠለ።

አገኘሁና ድረስ አብረው መጡ። ታረቀ መቀመጫውን ቀደም ብሎ መርጧል፤ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ብርሃኑ እንግዶቹ ፊት ላይ እንዲያርፍ፣ ግራ ጆሮው ወደነሱ እንዲሆን። ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ፣ የሚስቱ የመታወቂያ ፎቶ ጎልቶ የታተመበት መስታወት። ማርቲ ወንበሮቹን ወልውላለች፤ ሽሮዋ ጓዳ ውስጥ እየተንተከተከ ነው። አገኘሁ ከገባ በኋላ እንኳ ኮቱን አልፈታም። ድረስ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ደምበጫ ነጭ ጤፍ ኩንታሉ አሥራ አራት ሺህ ገባ አሉ» አለ አገኘሁ።

ይህን ታረቀ ሰማው፤ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ነውና። «ሰዉ ወደ ሰርገኛው ዞሯል» አለ።

«ወደ በቆሎ ይበሉ እንጂ አያ ታረቀ» አለ ድረስ። «በዚህ ሳምንት የፈጨነው ሁሉ በቆሎ አይደል?»

የድረስ ድምፅ ከሁሉም ይልቅ ይሰማዋል፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ መጮህ የለመደ ድምፅ ነው። ታረቀ ደስ አለው። እንዲህ ከቀጠለ ቀኑን ይወጣዋል። ግን አገኘሁ አንድ ቦታ አርፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ ሲያወራ ወደ ውጭ ያያል፣ ጺሙን ይዳስሳል፣ ቃሉ መዳፉ ውስጥ ይቀራል። ወሬው ከጤፍ ወደ ናፍጣ፣ ከናፍጣ ወደ ሌላ ነገር ሄደ፤ ታረቀ የቱ ላይ እንደ ተለየው አላወቀም። እንዲህ ሲሆን የሚያደርገውን ያውቃል። ሰው ጥያቄ ሲጨርስ ቅንድቡን ያነሳል፤ ያኔ ራስን መነቅነቅ ነው። ሲስቁ ዘግየት ብሎ አጠር አድርጎ መሳቅ ነው። ፊታቸው ሲከብድ «እግዜር ያውቃል» ማለት ነው። ብዙ ሰው ከዚህ በላይ መልስ አይፈልግም። ታረቀ ስንት ለቅሶና ስንት ሠርግ በዚህ ተወጥቷል።

አገኘሁ በተከፈተው በር ወደ ጓሮው አየ። በአገጩ ጠቆመና አንድ ነገር አለ። ዞሮም ቅንድቡን አነሳ። ታረቀ ራሱን ነቀነቀ። አገኘሁ ፈገግ ብሎ ሌላ ነገር ጨመረ። ታረቀ ራሱን ነቀነቀና «ይሁን እንጂ» አለ። ያን ጊዜ አገኘሁ ወደ ማርቲ ዞረ። ማርቲ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ከጓዳ ብቅ ብላ ነበር፤ እንደ ቆመች ቀረች። አማቷን አየችው። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ታረቀ ምራቱ ለእንግዳ መልስ ሳትሰጥ መቆሟ አሳፈረው። «እሺ በይ እንጂ፣ ምን ትቆሚያለሽ!» አላት። ማርቲ ማስታጠቢያውን አስቀመጠች። ከጓዳ ሳፋና ቢላ ይዛ ወጣች።

ታረቀ በበሩ በኩል አያት። በርሜሉ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ወንፊቱን አነሳች፤ ሳፋውን መሬት ላይ አኖረች፤ ከዚያ ምንም አላደረገችም። አንድ እጇ በርሜሉ ከንፈር ላይ እንደ ሆነ ፊቷን መልሳ በበሩ ውስጥ እሱን ታየው ጀመር። ያን ጊዜ ገባው። ምን እንደ ተጠየቀና ምን ብሎ እንደ መለሰ፣ አንድ ቃል ሳይሰማ፣ ሁሉም ገባው። ማርቲ አልቸኮለችም። እጇ ከበርሜሉ አልተነሳም። «ተይ» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ሊለው ይችላል። ግን ተይ ካለ፣ ለምን እንዳለ ሊናገር ነው። ራሴን የነቀነቅሁት ሳልሰማ ነው ሊል ነው፤ ያውም ለአገኘሁ፣ ያውም ድረስ ፊት፣ ያውም ጆሮው ሊመረመር በተመጣበት ቀን። የአባወራ ቃል ደግሞ እንግዳ ፊት አንዴ ከወጣ አይመለስም። ወፍጮ ቤቱን አሰበ። ከወፍጮ ቤቱ ሌላ የሚሄድበት የለውም። ጥቂቱን ብታነሳ ይበቃል፣ የቀረው ለሃኒ ይተርፋል ሲል አሰበ። ይህን ሲያስብ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ቀና ሲል ማርቲ እጅጌዋን ሰብስባለች።

ታረቀ በጾም ዓሣ በልቶ አያውቅም። አባቱም አልበላም። አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም፤ እሱ ከማይበሉት ነው፤ ማርቲም ይህን ታውቃለች። ትሪው ሲመጣ በርሜሉ ውስጥ የተረፈ እንደሌለ ከብዛቱ አወቀ። ለሦስት ወንድ ጥቂት ዓሣ ማቅረብ ቤቱን ማዋረድ ነው፤ ማርቲ የእንግዳ ወግ ጠብቃለች። የቤቱ ዘይት ሁሉ በላዩ ላይ አልቋል። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጀምርምና ታረቀ ባረከና ጎረሰ። ሥጋው ለስላሳ ነበር። እጁን የለመዱት፣ ብጣሪው ሳይነካቸው ከላይ የሚደርሱት እነዚህ ናቸው።

«ዓሣ እንደ አገሩ ነው» አለ ድረስ፣ አፉ ሞልቶ። «ባሕር ዳር ጾም ነው፣ እዚህ ማርቆስ ላይ ፍስክ ነው። መናኸሪያ ላይ ሲደርስ ይሆናል የሚለወጥ።»

ይህን ሰማው፤ ሳቀም። አገኘሁ «እሾህ አለው ጋሽ ታረቀ፣ ቀስ ይበሉ» አለው። ይህንንም ሰማው። ከዚያ ድረስ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈገግ ሳይል አንድ ነገር ተናገረ፤ ቅንድቡንም አነሳ። ታረቀ ራሱን ነቀነቀና «እግዜር ይመስገን» አለ። ማንም አልሳቀም። አገኘሁ የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አኖረውና ወለሉን አየ። ማርቲ ጓዳ በር ላይ ነበረች፤ ፊቷን አዞረች።

እንግዶቹ ብዙ አልቆዩም። አገኘሁ ሲሰናበት የታረቀን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ታረቀ ከደጃፉ ሆኖ ሲያያቸው፣ አገኘሁ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ማርቲን ሲያነጋግራት ቆየ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ድረስ ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቃል። ታረቀ ወደ ቤት ተመለሰ። ትሪው እንዳለ ነው። የዓሦቹን ራስ አንድ በአንድ እየለቀመ በአንድ ሳህን ላይ ሰበሰበና በሌላ ሳህን ከደነው። ለምን እንደሚሰበስብ አያውቅም፤ ለድመት መጣል ግን አልቻለም።

ማርቲ ስትገባ «ምን አለሽ?» አላት።

«ምንም አላሉ።»

«ንገሪኝ።»

ማርቲ ቆመች። ከዚያ መጥታ በግራው በኩል፣ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠች። ወደዚያ ጆሮ ተጠግታ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አልጮኸችም፤ ቃሉን እየለየች ነው የተናገረችው።

«ከኅዳር ጀምሮ አውቄዋለሁ፣ መናገር ፈርቼ ነው አሉ። ዛሬም ሊነግሩዎት መጥተው አቃታቸው። ከገና በኋላ ወፍጮውን ድረስ ይረከባል፤ ጋሽ ታረቀ ይረፉ፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው አሉኝ።»

«ከኅዳር ጀምሮ?»

«ከኅዳር ጀምሮ።»

«ድረስ ምን ነበር ያለው፣ መጨረሻ ላይ?»

ማርቲ የቀሚሷን ጫፍ አጣጠፈች። «‹ወፍጮው ሌሊት ተቃጥሎ አደረ› አለ። ሊፈትንዎት ነው።»

ታረቀ ምን ብሎ እንደ መለሰ ያስታውሳል። ከውጭ ፀሐዩ ወንበሮቹ ላይ ደርሷል። «ስለ በርሜሉስ ምን አለ?» አላት በመጨረሻ።

«‹የወፍጮ ቤቶቹን ለትምህርት ተውናቸው፤ እነዚህ የቤት ናቸው? ለጾም ነው?› አሉ ጋሽ አገኘሁ፤ እርስዎ ነቀነቁ። ‹እንግዲያ እንቅመሳቸዋ› አሉ፤ እርስዎ ‹ይሁን› አሉ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። የልጅቱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለምን አባባ አልሰሙም አላልሽም?»

«ተከልክያለሁ» አለች ማርቲ።

ሌላ አልጨመረችም። ተነስታ ትሪውን ይዛ ወጣች። ታረቀ በሩን ደግፎ የያዘውን ድንጋይ አየ። ሥራውን ለመጠበቅ ሲል የልጁን ድካም በላ፤ ሥራው ግን ዓሣው ሳይነካ ሄዷል። አገኘሁ ቤቱ ከመድረሱ በፊት ሄዷል። ተይ ብሎ ቢሆን የሚጎድልበት አንድም ነገር አልነበረም።

ሃኒ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ከመናኸሪያ ቀጥታ ነው የመጣች፤ ክዳን ያላቸው ሁለት ሰፋፊ ባልዲዎችና አየር የሚነፋ ትንሽ ማሽን ይዛለች። ወደ ቤት ሳትገባ ወደ ጓሮ ዞረች። ታረቀ ከመስኮቱ ያያታል። ባልዲዎቹን አስቀመጠች፤ ወንፊቱን ገለጠች፤ ጎንበስ አለች። እጇን ክርኗ ድረስ ውሃው ውስጥ አስገብታ በርሜሉን ዳበሰች። ውሃው ጥሩ ነበር። ታረቀ አርብ ዕለት ቀይሮታል።

ማርቲ ወጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ማርቲ፣ የት አሉ?»

«እንግዳ መጣብኝ» አለች ማርቲ።

ሃኒ ጮኸች። ሃኒ ጮኻ አታውቅም፤ ስትጮህ ግን ታረቀ ይሰማዋል፤ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አልፎ ይሰማዋል። «ለሆድሽ? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ሽሮ ብታቀርቢ? ትናንት ማታ አይደል የነገርሁሽ? ስንት ወር ነው የጠበቅሁት፣ ምን ነበር ያደረግሁሽ?» ማርቲ አንገቷን ደፋች። አንገቷ የተደፋው በፋሲካ ሰሞን ድንጋዩ ጫንቃዋ ላይ ሳለ እንደ ተደፋው ነው። ታረቀ አወቀው።

ሳህኑን አንስቶ ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ሳህኑን መሬት አኖረና ጎንበስ ብሎ የበሩን ድንጋይ ያዘ። በሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ። ድንጋዩ ለማርቲ ከብዶ ይሆናል፤ ለእሱ፣ ዕድሜ ልኩን የወፍጮ ድንጋይ ሲገለብጥ ለኖረው፣ ቀላል ነው። ወደ ጫንቃው ሲያነሳው ማርቲ አየችው።

«ኧረ በማርያም! አባባ፣ ምን እየሆኑ ነው?» ሮጣ መጥታ ድንጋዩን ከሁለት እጁ ታገለችው። እሱ አልለቀቀም። ሁለቱም ድንጋዩን እንደ ያዙ ቀሩ።

«እሷን ተያት» አላት ሃኒን። «የጠየቁት እኔን ነው። አልሰማሁም። አልሰማሁም ማለት አቃተኝና ራሴን ነቀነቅሁ። ኋላ ደግሞ ገባኝ፤ ቢላዋ ሳያርፍባቸው ገባኝ። ዝም አልሁ።» ከዚያ ወደ ማርቲ ዞረ። «አንቺም ይቅር በይኝ። ለዛሬውም፣ ለፋሲካውም።»

ማርቲ ማልቀስ ጀመረች፤ ድንጋዩን ግን አስለቀቀችውና መሬት አኖረችው። የሃኒ የረጠበ ክንድ እየደረቀ ነው። መጥታ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠችና ሳህኑን ከፈተች። ራሶቹን አየች። አንዱን አንስታ ጣቷ ላይ አገላበጠችው፤ ከጠጉሯ መርፌ ቁልፍ አውጥታ ከአንጎሉ ሥር፣ ከአጥንቱ ውስጥ፣ አንድ ነገር ፈለቀቀች። ነጭ ናት፤ ሰሊጥ ብታክል ነው። የአባቷን መዳፍ ይዛ እዚያ ላይ አኖረችለት።

«ምንድን ናት?»

«ድንጋይ ናት» አለችው ወደ ግራ ጆሮው ተጠግታ። «የጆሮው ድንጋይ። ዓሣ በዚህች ነው የሚሰማው። ድምፅ ሲመጣ ትንቀሳቀሳለች፤ ሕዋሶቹ የሚነቀነቁት እሷ ስትነካቸው ነው።»

«ለምርመራው ማሽን ትሆናለች?»

ሃኒ ራሷን በአሉታ ወዘወዘች። «ሕዋሱ ተጠብሷል።»

ታረቀ ድንጋይቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። አንድ በኩል ለስላሳ፣ ሌላ በኩል ሸካራ ናት፤ ወቃሪ እጅ ያረፈባት ትመስላለች። የእሱን ጆሮ የበላው የወፍጮ ድንጋይ ነው። ማርቲ ባልዲዎቹን ወደ ጥላው አስገባች፤ የሚገባባቸው ግን የለም። ሃኒ ስልኳን አውጥታ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ለአንድ ሰው ደወለች፤ ጥቂት ተናገረች፣ ብዙ አዳመጠች፣ ዘጋች። መኪናው ነገ አይመጣም ማለት ነው። ተራው ለሌላ ይሰጣል። ታረቀ ይህን ከፊቷ አነበበ፤ ሊጠይቃትም አልፈለገም። ቢጠይቃት እሷም እንደሱ «ይሁን» ትላለች።

የወፍጮ ቤቱ በርሜል አለ። ከሞተሩ ጀርባ፣ ግድግዳ ሥር፣ የጩኸቱ ዓሦች በሕይወት አሉ፤ ዛሬ እሑድ ስለሆነ እነሱም ያርፋሉ። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ማን እንደሚያስነሳው አሰበ። እስከ ገና እሱ ነው። ከገና በኋላ ብጣሪ የሚበትንላቸው የለም።

«እነዚያስ?» አላት። «የወፍጮ ቤቶቹ። እነሱ ይሰማሉ?»

ሃኒ በርሜሉን ጎኑ ላይ አጋድማ ውሃውን ጎመኑ ላይ እያፈሰሰች ነበር። ጀርባዋን እንደ ሰጠችው አንድ ነገር መለሰች። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየ። ዞራ አላየችውም፤ እንደ ልማዱ «ይሁን» ቢል ይበቃ ነበር።

«አልሰማሁም» አላት ታረቀ። «ድገሚልኝ።»

ሃኒ በርሜሉን ለቀቀች። መጥታ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለችና አፏን ከፈት እያደረገች፣ ቃሉን እየለየች ነገረችው።

«አላውቅም አባዬ። ማወቂያዎቹ እነዚህ ነበሩ።»

ታረቀ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ሰምቶታል።